ጥፋቱ የማን ነው? ቅጣቱስ ስንት?

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። በቅሎ በዚያን ዘመን ሀብት ብቻ ሳትሆን ማዕረግም ነበረች። ጭብጦ ግን መንገደኛ ለስንቁ የሚይዛት ናት፤ ብትጠፋ የአንድ ቀን ረሃብ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ለጭብጦዋ የሚያዝን ሰው፣ የሚያንገበግበው የጠፋበት ነገር ትልቅነት ሳይሆን የተወሰደበት መንገድ መሆኑን እየነገረን ነው። እርግጥም ይህ ሕዝብ ሙግት ይወዳል። መንገድ ላይ የሚደባደቡትን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ማስቆም የተለመደ ነበር። ነገረኛው «በላ ልበልሃ» እያለ ዘንጉን ይዞ ሲሟገት አላፊ አግዳሚው ሥራውን ትቶ ከቦ ያዳምጠው ነበር።

ዳሩ ግን ሙግት መውደድ አንድ ነገር ነው፤ ጥፋተኛውን ከጎረቤቱና ከዘመዱ ለይቶ በጥፋቱ ልክ መቅጣት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ «እኔ ባላጠፋሁት ለምን እቀጣለሁ?» ብሎ የማይጠይቅ ሰው የለም። ይሁን እንጂ ይህ ጥያቄ በሕግ ዘንድ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ዘመን ወስዷል። መልስ ካገኘ በኋላም ቢሆን ተመልሶ የጠፋበት ጊዜ ነበር።

እስቲ ከአፈርሳታ እንነሣ። በአንዳንድ አገር አውጫጭኝም ይሉታል። ሌሊት የአንድ ገበሬ በሬ ይሰረቃል፤ ወይም አንድ መንገደኛ ተገድሎ ገደል ሥር ይገኛል። ያየ የለም። በዚህ ጊዜ በሹሙ ትእዛዝ ያካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ተመርጠው እያንዳንዱን ሰው እየጠሩ የሚያውቀውን እንዲናገር ያስምሉታል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ እርሻ ቢደርስ፣ አረም ቢበዛ፣ ከብት ቢጠማ፣ ወደ ቤት መሄድ የለም። በመጨረሻ ካልተገኘ የበሬውን ዋጋ ወይም የሟቹን ካሣ ያገሩ ሰው ተዋጥቶ ይከፍላል። ሌሊቱን ከልጆቹ ጋር ተኝቶ ያደረው ሰው ከሌባው እኩል ባለዕዳ ሆነ ማለት ነው።

የሌባሻይ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል። ራሱን ሲስት ወገቡ ላይ በታሰረው ገመድ ይዘው ይከተሉታል። ልጁ እየተንገዳገደ ከመንደር መንደር ይዞርና ከአንዱ ቤት ገብቶ ይወድቃል። የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ፤ የተሰረቀውን ይክፈል። ማስረጃው የሰከረ ሕፃን አወዳደቅ ነው! ሰውየው ቀደም ሲል በጠብ የሚፈልገው ጎረቤት ቢኖረው፣ ገመዱን የያዘውም ሰው ያንን ጎረቤት ቢያውቀው፣ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይገምት።

ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ወይም በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፍለጋ አብረው የሚሄዱበት የቁራኛ ሥርዓትም ነበር። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የምንለው ከዚያው ጋር የተዛመደ ነው። ይህኛው እንኳ ቢያንስ ሁለቱንም እኩል ያስራል። እንዲያውም ዳኛ የዘገየበት ከሳሽ ሲሰለቸው ታርቆ ይመለስ እንደሆን እንጃ።

በአባቶቻችን ላይ ከመሳቃችን በፊት ግን አንድ ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። ፖሊስ አልነበረም፣ የጣት አሻራ አልነበረም፣ መርማሪም ሆነ ዐቃቤ ሕግ አልነበረም። የነበረው ጎረቤት ብቻ ነው። ጎረቤት ደግሞ ያውቃል፤ ማን ማታ እንደወጣ፣ የማን ውሻ እንዳልጮኸ፣ የማን ቤት ሥጋ እንደሸተተ ያውቃል። አፈርሳታ ይህን እውቀት ከጎረቤት አፍ በግድ ማውጫ ዘዴ ነበር። እንደ ምርመራ ካየነው ብልሃት አለበት። ችግሩ ምርመራው ሲከሽፍ ቅጣቱ የማይቀር መሆኑ ነው። ጥፋተኛ ካልተገኘ ንጹሑ ይከፍላል፤ ምክንያቱም ለዚያ ሥርዓት ጥፋት የአገር ዕዳ እንጂ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን በቤተ ክህነትና በቤተ መንግሥት ሌላ መጽሐፍ ይነበብ ነበር። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፃዊው የቅብጥ ሊቅ በኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ከ51 አንቀጾቹ 22ቱ ስለ መንፈሳዊ ጉዳይ፣ የቀሩት ስለ ሥጋዊ ጉዳይ ይናገራሉ። ይህ መጽሐፍ አስቦ የገደለንና ሳያስብ የገደለን ለይቶ ያያል። በንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ሊቃውንቱ መጽሐፉን ገልጠው ያነቡ ነበር፤ ዳኞቹም ከታች ጀምረው በተራ እየተነሡ ፍርዳቸውን ይናገሩና የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ይሆናል። ታናሹ ዳኛ አስቀድሞ መናገሩ ታላቁን ፈርቶ አሳቡን እንዳይለውጥ ነው ይባላል። መልካም ብልሃት ነው።

በመጽሐፉና በመንደሩ መካከል የነበረውን ርቀት የምታሳይ አንዲት የቆየች ተረት አለች። ሁለት ልጆች ዛፍ ሥር ፍሬ ይለቅማሉ። አንደኛው ከላይ ወጥቶ ሲያራግፍ ቅርንጫፉ ይሰበርና ከታች ባለው ጓደኛው ላይ ይወድቃል፤ የታችኛው ይሞታል። የሟች ወገን «ደማችን ይመለስ» ብሎ ይከሳል። ዳኛው ቢመክሩም፣ ካሣ ቢያቀርቡም አልሰማ አሉ። በመጨረሻ «እንግዲያውስ ይሁን፤ ገዳዩ ልጅ ከዛፉ ሥር ይቁም፤ ከእናንተ አንዱ ወጥቶ ይውደቅበትና ይግደለው» ብለው ፈረዱ። ያን ጊዜ ከሳሾቹ ካሣውን ተቀበሉ።

ተረቷ የምትነገረው የዳኛውን ብልህነት ለማድነቅ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ዳኛው ያላሉት ነገር ነው። «ይህ ልጅ አላሰበም፣ ስለዚህ አልገደለም» አላሉም። እንዲህ ቢሉ የሚሰማቸው አልነበረም። ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ በሚሰጥበት፣ ዘመዶቹ ወይ ደሙን ወይ ገንዘቡን በሚመርጡበት አገር፣ የሚጠየቀው «ማን ሞተ?» እንጂ «ይህ ሰው ምን አሰበ?» አልነበረም። የገዳዩ ቅጣት በገዳዩ ልብ ሳይሆን በሟች ዘመዶች ልብ ይለካል። የሟች ዘመድ ሩኅሩኅ ከሆነ ነፍሰ ገዳይ ከብት ከፍሎ ይተርፋል፤ ቂመኛ ከሆነ ሳያስብ የገደለ ይሞታል። በቤተ መንግሥት በኩል የሞት ፍርድ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት እንዲደርስ መደረጉ ይህን ለመግታት ሳይረዳ አልቀረም።

በ1923 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ በነገሡበት ዓመት፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከፍትሐ ነገሥት ሥር ገና ያልተላቀቀ፣ ግን በቁጥር የተደረደረ ሕግ ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1949 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት የጄኔቫው የሕግ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነበሩ። ሕጉ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታውጆ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ።

ይህን ሕግ ከፍቶ 57ኛውን ቁጥር ያነበበ ሰው የዛፉን ልጅ ያገኘዋል። አስቦ ወይም በቸልተኝነት ካላጠፋ በቀር ማንም አይቀጣም፤ ድንገተኛ አደጋና ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ወንጀል አይደለም ይላል። ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ደግሞ ፈጽሞ በወንጀል አይጠየቅም። 86ኛው ቁጥር ስለ ቅጣት ልክ ሲናገር፣ ዳኛው የእያንዳንዱን ሰው የጥፋት መጠን፣ ያለፈ ሕይወቱን፣ የተነሣበትን ምክንያት፣ የኑሮውን ሁኔታና የትምህርቱን ደረጃ እንዲያይ ያዛል። አንድ አገር «አንተ ማነህ? ለምን አደረግኸው?» ብሎ ለመጠየቅ የወሰነበት ጊዜ ይህ ነው። በወረቀት ላይ አፈርሳታ እዚህ ላይ ሞተ። በገጠሩ ግን ከዚያም በኋላ ቆይቷል።

ይሁንና ሕጉን ያጸደቁት ሰዎች እንዲህ ያለ ልዝብ ነገር ሌባን ያስፈራል ብለው አላመኑም። በረቂቁ ያልነበረ የጅራፍ ቅጣት በከባድ ስርቆትና በውንብድና ላይ ተጨመረ። ቁጥሮቹን እንደገና ላለመደርደር ይመስላል፣ «120 ሀ» ተብሎ በመካከል ገባ። የስዊሱ ሊቅና ያገሩ ባላባት አሳብ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እናያቸዋለን።

እንግዲህ ይህ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ገና 17 ዓመት ሳይሞላው ነው ደርግ የመጣው። ኅዳር 7 ቀን 1967 ዓ.ም. ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ፤ ያለፈውን ሥርዓት ባለሥልጣኖች የሚዳኝ ልዩ የጦር ፍርድ ቤትም እንዲቋቋም ተደረገ። መርማሪ ኮሚሽኑም የወሎን ረሃብ የሸሸገው ማን ነው፣ የመንግሥት ገንዘብ የት ገባ እያለ ሹማምንቱን በየስማቸው እየመረመረ ነበር። ያ ምርመራ ቢፈጸም ኖሮ አንዳንዱ ጥፋተኛ፣ አንዳንዱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣ ነበር። ልዩ ሕጉ በታወጀ በሳምንቱ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች ተረሸኑ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከነርሱ ውስጥ ነበሩ። ማንም ዳኛ ፊት አልቀረቡም። ደርግ ራሱ ባወጣው ሕግ፣ ራሱ ባቆመው ፍርድ ቤት እንኳ ሊዳኛቸው አልጠበቀም። ስማቸው በስብሰባ ላይ ተነበበ፤ እጅ ተነሣ፤ አለቀ።

እዚህ ላይ የአንዳንዶቹን በደል የሚያነሣ ሰው ይኖራል። በደል ላይኖር ይችላል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ዝርዝር ውስጥ ያለ ስም አይመዘንም። ረሃብ የደበቀና በዘሩ ብቻ የታሰረ፣ ሕዝብ የዘረፈና ለጌታው ታማኝ የነበረ ወታደር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥይት ነው የሚደርሳቸው። ከአፈርሳታ የሚለየው በአፈርሳታ ላይ ሰው ቢያንስ ይጠየቅ የነበረ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌው «ነፃ እርምጃ» ሲፈቀድለት፣ የወንድም ጥፋት በእህት፣ የልጅ ጥፋት በአባት ላይ ይቆጠር ጀመር። ልጁ ከቤት የጠፋ አባት ስለ ልጁ ይታሰራል። የተገደለበትን ልጅ አስከሬን ለመውሰድ የሄደ ቤተሰብ የጥይት ዋጋ ክፈል ተብሎ የተጠየቀበት ጊዜ ነበር። አገሪቱ በ1949 ዓ.ም. በወረቀት የቀበረችው የወል ዕዳ፣ ከ20 ዓመት በኋላ በከተማ ተነሣ።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ አዲሱ መንግሥት ሊመርጥ የሚችላቸው ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንዱ የኅዳሩን ሌሊት መድገም ነው። ይህ አልሆነም፤ ይህን ማመስገን ይገባል። በ1984 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች ተከሰሱ። የዋነኞቹ ባለሥልጣናት ጉዳይ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፈተ። የተከሰሱት በዚያው በግራቨን ሕግ ነው፤ በ281ኛው ቁጥር። ይህ ቁጥር የዘር ማጥፋትን ሲተረጉም፣ ከዓለም አቀፉ የ1948 እ.ኤ.አ. ስምምነት አልፎ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም ይጨምራል። ንጉሡ ያወጁት፣ ደርግ ሳይሽረው የተወው ሕግ፣ ደርግን ከሰሰ። ከክሶቹ አንዱ የ60ዎቹ መረሸን ነበር።

በችሎቱ የተነሡት ክርክሮች የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ራሱ ናቸው። «መንግሥት ነበርን፤ የወሰነው ጉባኤው ነው፤ እኔ በግሌ ምን አደረግሁ?» አሉ አንዳንዶቹ። ከታች ያሉት ደግሞ «ታዘዝን» አሉ። ሕጉ ለሁለተኛው መልስ ነበረው። ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ ያው ጥፋተኛ ነው፤ ዳኛው ግን የነበረበትን አስገዳጅ ሁኔታ አይቶ ሊያቀልለት ይችላል። የመጀመሪያው ክርክር ከባድ ነው። በጉባኤ የተነሣ እጅ የማን እጅ ነው? ጉባኤ አይታሰርም። እያንዳንዱን አባል በተቀመጠበት ወንበር፣ በፈረመው ወረቀት፣ በመራው ኮሚቴ መለየት ግድ ሆነ። ይህ ነው ችሎቱን 12 ዓመት ያስኬደው አንዱ ምክንያት። ፍርዱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ሲሰጥ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በዘር ማጥፋቱ ጉዳይ ተለይተው ሌላ አሳብ አቀረቡ። የጥፋተኞቹ ቅጣትም አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በሌሎች ከፍተኛ ሹሞች ላይ ዕድሜ ልክ ሲፈረድ ሌሎች በዓመት የተቆጠረ እስራት ተበየነባቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. የዋነኞቹን ወደ ሞት አከበደው። ግንቦት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ የታሰሩት የሞት ፍርድ በይቅርታ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም በርካቶቹ በአመክሮ ወጡ። ዋናው ተከሳሽ ግን ፍርዱን የሰማው ከዚምባብዌ ሆኖ ነው።

የተጎዱት ቤተሰቦች በዚህ መጨረሻ አልረኩም፤ የሚያስገርም አይደለም። ሌላም የማይነሣ በደል አለ። ከታሰሩት ብዙዎቹ ክስ ሳይቀርብባቸው ዓመታት ቆይተዋል፤ በመጨረሻ ነፃ የተባሉም አሉ። ለነርሱ ቅጣቱ ከፍርዱ ቀደመ። እንዲህም ሆኖ በአንድ ሌሊት ዝርዝርና በ12 ዓመት መዝገብ መካከል አንዱን ምረጥ ቢሉኝ አላመነታም።

በዚህ መካከል ሌላ ቅሬታ እያደገ ነበር፤ የተራው ሰው ቅሬታ። ሰው በመግደል ተራ ወንጀል ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። የ1949ኙም ሆነ የ1996ቱ ሕግ እንዲህ ይላሉ። በ5 እና በ20 መካከል አንድ ሕፃን ተወልዶ የሚጎረምስበት ዘመን አለ። ሁለት ሰዎች በተመሳሳይ ጠብ፣ በተመሳሳይ ዱላ ገድለው፣ አንዱ በአንድ ችሎት 7 ዓመት፣ ሌላው በሌላ ችሎት 17 ዓመት ሊያገኝ ይችላል። ሁለቱም ፍርዶች ሕጋዊ ናቸው። እስረኞች ደግሞ ስለ ፍርዳቸው ያወራሉ። 17 ዓመት የተፈረደበት ሰው 7 ዓመት ከተፈረደበት ጋር በአንድ ክፍል ሲያድር ጭብጦውን ማሰቡ አይቀርም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ይህን አይቷል። ስሙን ልብ በሉ፤ ያለፉት ሁለቱ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ሲባሉ ይኼኛው «የወንጀል ሕግ» ተባለ። መቅጣት ከስሙ ወጣ። ጅራፉም ከውስጡ ወጣ። በ88ኛው ቁጥርም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣት ትክክለኛና ወጥ እንዲሆን መመሪያ ያውጣ ተባለ። መመሪያው በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ተሻሻለ። ወደ አርባ የሚጠጉ እርከኖች ያሉት ሰንጠረዥ አለው። ዳኛው መጀመሪያ ወንጀሉ የሚያርፍበትን እርከን ያገኛል። ከዚያ በጨካኝነት፣ በቡድን፣ ወይም ሥልጣንን መከታ በማድረግ ተፈጽሞ ከሆነ ይወጣል፤ ያለፈ ጥፋት የሌለበት ከሆነ፣ ከልቡ ከተጸጸተ፣ በድህነት ወይም በጭንቀት ተገፍቶ ከሆነ ይወርዳል። የመጨረሻው እርከን ላይ ያለው የዓመትና የወር ቁጥር ቅጣቱ ነው።

ይህን «ፍርድ በሒሳብ» ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ሰንጠረዥ የሰውን ልብ አያይም። ነገር ግን ልብን አያለሁ የሚል ዳኛም ቢሆን ከሌላው ዳኛ ጋር ሲነጻጸር ያየው የራሱን ልብ ሊሆን ይችላል። የሟች ዘመድ ልብ ቅጣቱን ይወስን የነበረበትን ዘመን ትተን፣ የዳኛ ልብ ብቻውን ወደሚወስንበት ከተዛወርን ብዙ አልሄድንም። መመሪያው ከእርከኑ መውጣትን አልከለከለም፤ የሚወጣ ዳኛ ግን ምክንያቱን ይጻፍ ይላል። ለኔ ከሰንጠረዡ ሁሉ የሚበልጠው ይህች መስመር ናት። የተጻፈ ምክንያት ይግባኝ ይባልበታል።

ዛሬ ማንኛውም ሰው ወደ ወንጀል ችሎት ገብቶ ቢቀመጥ የሚሰማው ነገር አለ። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ዐቃቤ ሕጉ የቅጣት አስተያየቱን ይናገራል፤ ቀጥሎ ተከሳሹ ማቅለያ ካለው ይጠየቃል። አብዛኛው የሚለው አንድ ነው፤ «የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ።» ዳኞች ብዙ ጊዜ ይቀበሉታል። ላጤው በዚህ በኩል የሚያቀርበው የለውም፤ ይህ ፍትሕ ነው ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። ልጆች ያሉት ግን ውሸቱን አይደለም፤ እርሱ ሲታሰር ቤቱም ይታሰራል። ሚስት ወይም እናት ስንቅ ቋጥራ፣ ከሥራዋ ቀርታ፣ በር ላይ ተሰልፋ ትጠብቃለች። ይህን ቅጣት የጻፈው ሕግ የለም።

በአዲስ አበባ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህ ሰልፍ የሚታየው በዓለም በቃኝ በር ላይ ነበር። 60ዎቹ የተረሸኑትም በዚያው ግቢ ነው፤ አፅማቸው ከጅምላ መቃብር ወጥቶ በ1984 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አረፈ። እስር ቤቱ ፈርሶ በቦታው ጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። ስንቅ ይዘው የሚሰለፉት ሴቶች ግን ወደ ሌላ በር ተዛወሩ እንጂ አልቀሩም።